የደመወዝ ወረቀትና የምራት ወረቀት፦ በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና

እናቶችና አባቶች፣ አፉላን የምታውቋት በሆስፒታሏ፣ በገበያዋ፣ ወይም ጊቫት ሃሞሬ ላይ ባለው የዘመድ ቤት ይሆናል። ለቅሶ ደርሳችሁበታል፣ ሰርግ በልታችሁበታል። የኢንዱስትሪ ቀጠናዋን ግን፣ ሥራ ካልወሰደው በቀር፣ ማንም ሆን ብሎ ሄዶ አያያትም። ዛሬ ወደዚያ እንድንሄድ ነው የምፈልገው። የምንሄደውም ፋብሪካ ለማየት ብቻ አይደለም። በየቤታችን በሹክሹክታ የሚወራ አንድ ነገር አለ፤ ልጃችን ከኢትዮጵያ ያገባት ልጅ እንዴት ትምጣ? ልጇስ? ወረቀቱስ? ይህ ወሬ በግልጽ ከሚወራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቀጠና ነው።

በጠዋት ሂዱ። ሰማዩ ገና ሳይቀላ፣ የሌሊት ሚሽመሬት ሊወጣ፣ የጠዋቱ ሊገባ ሲል። መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ። በስተምሥራቅ ጊቫት ሃሞሬ ከከተማዋ በላይ ተቀምጣለች። በስተሰሜን የናዝሬት ተራሮች፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ጊልቦዓ፣ በስተምዕራብ ራቅ ብሎ ቀርሜሎስ። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ክብ ሆኖ፣ እንደ ተገለበጠ ድስት ብቻውን የቆመ ተራራ ታያላችሁ። ታቦር ነው። ነቢይቱ ዲቦራና ባርቅ ጦራቸውን የሰበሰቡበት ተራራ።

ከጎንደር በኩል ለመጣ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦር የተባለችው ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከዚህ ተራራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት፣ እናትና አባቶቻችን በቅቤና በእህል ገበያ የሚያውቋት ከተማ። እንግዲህ ልጆቻችን በየጠዋቱ ካርዳቸውን አሳይተው የሚገቡት የታቦርን ስም ከያዘ ቦታ ነው። ከአፉላ በ65 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጡ የሚገኘው የኢንዱስትሪ ቀጠና አሎን ታቦር ይባላል። የኤሌክትሪክ ማመንጫው እዚያ ነው፤ የተኑቫ ትልቁ የወተት ፋብሪካም እዚያ ነው። ቁርስ ላይ የምትከፍቱት አይብ ምናልባት በአንዱ የሰፈራችሁ ልጅ እጅ አልፎ ይሆናል።

በር ላይ ቆማችሁ የሚገባውን ሰው ስሙ። ዕብራይስጡ የሁሉም ነው፤ ከሥር ግን ሌላ ሌላ ቋንቋ ይሰማል። ከናዝሬት፣ ከኢክሳልና ከዳቡሪያ የመጡት በዐረብኛ ያወራሉ። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡት ጸጉራቸው ሸብቷል፣ በሩሲያኛ ይቀልዳሉ። የእኛዎቹ ደግሞ አንዱን ቃል በአማርኛ፣ አንዱን በዕብራይስጥ እያሉ ያልፋሉ። በአፍሳካ ሰዓት፣ የፕላስቲክ ብርጭቆ ቡና ይዘው ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ ስለ ደመወዝ ያወራሉ፣ ስለ ማሽካንታ ያወራሉ፣ ከዚያም አንዱ ስልኩን ያወጣና አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለች ሚስቱን በቪዲዮ ያሳያል። ሕፃኑ "አባዬ" ይላል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ሚስራድ ሃፕኒም ምን አለህ?"

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ኢትዮጵያ ብዬ ካልለየሁት በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ወላጆች የሚሉት እንዲህ ነው፤ "ልጄ አይሁዳዊ ነው፣ ዜጋ ነው፣ ጦር ሠራዊት አገልግሏል፣ እንግዲህ ሚስቱ በሕገ ሽቩት ትገባለች።" ነገሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሕገ ሽቩት፣ ማለት የመመለስ ሕግ፣ የወጣው በ1950 ነው። በ1970 ተሻሽሎ ለአይሁዳዊ ልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለሚስት ወይም ለባል፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ የትዳር ጓደኛም መብት ሰጠ። የእኛ ማኅበረሰብ በዚህ ሕግ ውስጥ መሆኑ የታወቀው ግን ወዲያው አልነበረም። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ መንግሥትም በ1975 የመመለስ ሕጉ እንዲሠራልን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ነው በሱዳን በረሃ የተኬደው፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል የገባው።

በማሽኑ አጠገብ የቆመውን ሩሲያኛ ተናጋሪ ሰው አስቡት። በ1990ዎቹ ሲመጣ ሚስቱ አይሁዳዊት አልነበረችም፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር በአንድ አውሮፕላን መጣች። ሁለቱም በአንድ ቀን ዑሊም ሆኑ፤ ቴኡዳት ዜሁት አብረው ተቀበሉ። ከጎኑ የቆመው የእኛ ልጅ ደግሞ በልጅነቱ መጣ ወይም እዚሁ ተወለደ፤ አድጎ ኢትዮጵያ ሄዶ አገባ። የእርሱ ሚስት በዚያ በር አትገባም። ለምን ቢሉ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1999፣ ስታምካ በሚባለው ፍርድ፣ የ1970ው ማሻሻያ ለሚመጣ ቤተሰብ እንጂ ቀድሞ እዚህ ዜጋ ለሆነ ሰው የውጭ አገር ሚስት አይደለም ብሎ ወስኗልና። በዚያው ፍርድ ዳኞቹ ሚኒስቴሩ ባለትዳሮችን በግድ የሚለያይበትን አሠራር ውድቅ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ የሚሄደው ሥርዓት መጣ፤ በዕብራይስጥ ሃሊኽ ሜዱራግ ይሉታል። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት የተለያየ በር። ልጃችሁ "ለእርሱ የተሰጠው ለእኔ ለምን ተከለከለ?" ብሎ ቢቆጣ አትፍረዱበት። ግን ቁጣው ፋይሉን አያንቀሳቅሰውም፤ የገባበትን በር ማወቁ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ሦስተኛ በርም አለ፤ እርሱን ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚጠብቁት ዘረ እስራኤል ወገኖቻችን የሚገቡት በመንግሥት ውሳኔ ነው። በየካቲት 2003፣ በ2010፣ በ2015፣ በጥቅምት 2020 እና በኅዳር 2021 ውሳኔዎች ተላልፈዋል፤ የ2020ው ለ2,000 ሰው፣ የ2021ዱ ለ3,000 ሰው ነበር። እነርሱ ወደ እስራኤል መግቢያ ሕግ በሚባለው ይገባሉ፣ ጊዩር ይማራሉ፣ ከዚያ ዑሊም ይሆናሉ። ስለዚህ ሙሽራዋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ልጅ ከሆነች፣ በወላጆቿ ስም ያለው ፋይልና በባሏ ስም የሚከፈተው ፋይል ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የትኛው እንደሚሻል ከመወሰን በፊት ሁለቱንም ይዞ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

አሁን ወደ ደረጃው እንግባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ ሥርዓት የተባለ ይመስላል።

ጥያቄውን የሚያቀርበው እስራኤላዊው ነው፤ በሚኖርበት ከተማ ባለው የሕዝብና የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ቢሮ፣ እኛ እስከ ዛሬ ሚስራድ ሃፕኒም በምንለው። አፉላ ውስጥም ቢሮ አለ። በሕግ ለተጋቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚሰጠው ቤት አንድ የሚባለው ቪዛ ነው፤ ግማሽ ዓመት ያህል ይሆናል። መሥራት ይፈቅዳል፤ ኩፓት ሆሊምና ቢቱዋህ ለኡሚ ግን የለውም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የግል የጤና መድን መግዛት ቸል አይባልም፤ በተለይ ምራታችሁ እርጉዝ ከሆነች። ቀጥሎ አሌፍ አምስት የሚባለው ጊዜያዊ የነዋሪነት ፈቃድ ይመጣል። ያን ጊዜ ቴኡዳት ዜሁት ታገኛለች፣ ኩፓት ሆሊም ትገባለች። ይህ በየዓመቱ እየታየ ለአራት ዓመት ይታደሳል። ከዚያ በኋላ ነው ዜግነት የምትጠይቀው። በድምሩ አራት ዓመት ተኩል፤ ያውም ሁሉ ነገር በሰዓቱ ከሄደ። ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ ደግሞ መንገዱ ሰባት ዓመት ነው፤ መጨረሻውም ቋሚ ነዋሪነት እንጂ በቀጥታ ዜግነት አይደለም።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ቢሮው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ትዳሩ እውነተኛ ነወይ? የኑሯቸው መሠረት እስራኤል ውስጥ ነወይ? የወንጀልና የደኅንነት እንቅፋት አለወይ? ባልና ሚስት ለየብቻ ተጠርተው ይጠየቃሉ። ማን ቀድሞ ከእንቅልፍ ይነሣል? በሰርጉ ዕለት ማን መጣ? የአማትሽ ስም ማን ነው? እንዲህ እንዲህ ያለ። እኛ አገር ሙሽራ አማቷን በስም አትጠራም፤ "እማማ" ብላ ትኖራለች እንጂ። ስለዚህ የእናንተን ሙሉ ስም እንደ መታወቂያችሁ አጻጻፍ አስተምሯት። አስቂኝ ይመስላል፤ ግን ስም ሲጠየቁ ዝም ማለት ቢሮ ውስጥ አክብሮት መስሎ አይታይም።

እንግዲህ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚገባው። የኑሮ መሠረት እስራኤል ውስጥ መሆኑን የሚያስረዳው ምንድን ነው? ትሉሽ ነው፤ በየወሩ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት። የቤት ኪራይ ውል ነው። አርኖና ነው፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ነው፣ የባንክ ወረቀት ነው። ልጃችሁ ትሉሹን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከትና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። እናቶች፣ እናንተ አውጥታችሁ አስቀምጡለት። አንድ ፋይል ይኑራችሁ። አሎን ታቦር ላይ በሌሊት የቆመበት እያንዳንዱ ሰዓት እዚያች ወረቀት ላይ አለ። ለእርሱ የላብ ዋጋ ነው፤ ለቢሮው የትዳሩ ምስክር ነው። በኮንትራክተር በኩል የሚሠራ ከሆነም፣ ወይም ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ፣ የሁሉንም ይሰብስብ። በእጅ፣ ያለ ትሉሽ የሚከፈል ሥራ ግን ዛሬ ጥሩ ገንዘብ ቢመስልም በቢሮው ፊት እንዳልተሠራ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ወረቀት ስንመጣ ሌላ መከራ አለ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዚህ በፊት አግብታ ከነበረ የፍቺ ወረቀት፣ ከፌዴራል ፖሊስ የሚወጣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ። እነዚህ በኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣሉ፣ አዲስ አበባ ባለው የእስራኤል ኤምባሲም ያልፋሉ፣ በኖታሪዮንም ይተረጎማሉ። ችግሩ ማኅተሙ አይደለም፤ ስሙና ቀኑ ነው።

ስሙን እንውሰድ። በእኛ አገር ሰው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ሴት ብታገባም ስሟ አይቀየርም። እስራኤል ስንገባ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፣ ወይም ጸሐፊው ስሙን በመሰለው ፊደል ጻፈው። አሁን የልጅየው የጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው ስምና እስራኤል መታወቂያው ላይ ያለው ስም ሁለት ሰው ይመስላል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲወጣ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እንዲገለበጥ አድርጉ። በኋላ ለማስተካከል ከመሮጥ፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከመባል፣ ፊርማ ሳይደረግ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን ከፈረንጁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ በስምንት ዓመት ያንሳል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2012 ነው የተወለደው፤ በግንቦት 2005 የተወለደው ደግሞ 2013 ነው። ብዙ ሰው ለሁሉም ስምንት ይደምራል። ለአዋቂ ሰው አንድ ዓመት ምንም ላይሆን ይችላል። ለሕፃን ግን የመግባትና የመቅረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ልጅን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ። የመጀመሪያው የራሱ የልጃችሁ ልጅ ነው። በ1952ቱ የዜግነት ሕግ መሠረት፣ እዚህ ተወልዶ ወይም ዑሌ ሆኖ ዜጋ የሆነ ሰው ውጭ አገር የወለደው ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስራኤላዊ ነው። ቪዛ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው መመዝገብ ነው። ነገር ግን እናቲቱ የውጭ ዜጋ ከሆነች፣ በተለይ ሳይጋቡ ከወለዱ፣ ቢሮው አባትነቱን በደም ምርመራ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ያ ምርመራ የሚደረገው በቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ በ2000 የወጣው ሕግ እንዲህ ይላል። አባቶች፣ ይህን ስትሰሙ "ልጄን ሊያዋርዱት ነው" አትበሉ። ልጅየውም ሚስቱም እንዳይቀየሙ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እርሷን የተጠራጠረ ቤተሰቡ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ይህ ሳይነገራት ቢመጣ ግን ትዳሩን የሚጎዳ ነገር ነው።

እስራኤላዊ የሆነው ሕፃን ሲገባና ሲወጣ በእስራኤል ፓስፖርት ነው የሚጓዘው። ደግሞም ይህን አስታውሱ፤ ዜግነቱ በትውልድ ለአንድ ትውልድ ነው የሚሻገረው። ያ ልጅ ውጭ አድጎ እርሱም ውጭ ቢወልድ፣ የእርሱ ልጅ እንዲያው በራሱ እስራኤላዊ አይሆንም።

ሁለተኛው የእንጀራ ልጅ ነው፤ ሙሽራዋ ከቀድሞ ትዳር ይዛ የመጣችው። ብዙ ቤት የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ከእናቱ ጋር እንዲገባ የሚያስችል ሥርዓት አለ፤ ግን ጥያቄው ሲቀርብ ልጁ ከ15 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊትም በእናቱ አሳዳጊነት መቆየቱ ይታያል፤ የወለደው አባትም ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። አሁን ወደ ቀኑ ተመለሱ። ስምንት ሲደመር ሰባት መደመር ሲገባው ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ያንሳል፤ በተቃራኒው ከተሳሳቱ ደግሞ 14 ዓመቱ የሆነ ልጅ በወረቀት 15 ሞልቶ ይገኛል። ስለዚህ እናቲቱ ልጅ ያላት ከሆነ፣ "እርሷ ትግባና ትደላደል፣ ልጁን በኋላ እናመጣዋለን" የሚለው ምክር፣ የልጁ ዕድሜ ከቀረበ፣ አደገኛ ምክር ነው። የእርሷና የልጁ ጥያቄ አብሮ ይቅረብ። ልጁ እስኪጠራ ድረስ አያቱ ጋር ቢቀር፣ እናት ፋብሪካ ቆማ ዓይኗ ስልክ ላይ ነው፤ ያን የሚያይ ሰው ይህን አይመክርም።

ለሙሽራዋም ማሰብ ይገባል። እኛ ስለምትገባበት አገር እናወራለን፤ እርሷ ስለምትተወው አገር ታስባለች። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ሌላ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ለዚህ ማካካሻ ቢጫ ካርድ የምንለው አለ፤ በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጥ መታወቂያ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መኖርና መሥራት ያስችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይጨምርም። እናቷን ለመጠየቅ፣ ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ለመጠበቅ፣ ይህን ማወቅ ያረጋጋታል። አራት ዓመት ተኩል እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቷ እንዳያልፍባት ታድሰው፤ የአሌፍ አምስት እድሳት ጊዜው ባለፈ ፓስፖርት ላይ አይሠራም።

አሁን ከሁሉም የሚከብደውን ልበል። ብዙ ወላጆች ውስጣቸው የሚያዝነው በወረቀት አይደለም። "የልጅ ልጄ አይሁዳዊ ይሆናል ወይ?" ነው ጥያቄው። እውነቱን ለይተን እንወቅ፤ ዜግነትና ሃይማኖት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የልጅ ልጃችሁ በአባቱ ዜጋ ይሆናል፤ እናቱ አይሁዳዊት ካልሆነች ግን በሃላካ አይሁዳዊ ተብሎ አይመዘገብም፤ አድጎ በራባኑት ለማግባት ይቸገራል። ጊዩር ይህን መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን ጊዩር የሚስራድ ሃፕኒምን ዓመታት ማሳጠሪያ አይደለም፤ ገና ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት የሌለው ሰው በመንግሥት ጊዩር እንዲማር በልዩ ኮሚቴ በኩል ማለፍ አለበት። ለወረቀት ሲሉ መጀመር ደግሞ ለኮሚቴውም ለፈጣሪም የሚደበቅ አይደለም። ሙሽራዋ በልቧ ስትፈልግ፣ የእናንተን ሰንበት እያየች፣ የእናንተን ማዕድ እየበላች ስትፈልግ ነው የሚያምረው። ሩት ሞዓባዊት እኮ ኑኃሚንን የተከተለችው አማቷን ስለወደደች ነው። ሙሴም ኩሻዊት በማግባቱ እኅቱ ማርያም በተናገረች ጊዜ፣ ቅጣቱ የወረደው በሙሴ ላይ አልነበረም። ይህን ኦሪት የምታነብቡ አባቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ልመልሳችሁ። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። የአገራችን የመጀመሪያዋ የኢንዱስትሪ ቀጠና ናት ብል አላጋነንኩም። የፈረንጅ ባለ እጆች እዚያ ይሠሩ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል የኢትዮጵያ ደም ያላቸውን ሴቶች ያገቡ ነበሩ። የስዊዝ ተወላጁ ዋልድማየር እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ አገባ። በ1868፣ መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ኖረ፤ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከጋፋት ወደ ሊባኖስ ተራራ የሄደችው ያች ሴት ትሉሽ አላስፈለጋትም፤ ፊቷን ወደማታውቀው አገር ማዞሩ ግን እንደ ዛሬዋ ሙሽራ ነው የከበዳት። ባሏ ቋንቋ ያውቃል፣ ሥራ አለው፣ ወገን አለው። እርሷ ያላት እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ፈንታ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ሳንጠየቅ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ አድጓል፣ በራሱ ጊዜ ነው ያገባው። ግን ሰባት ቤት ቆጥራችሁ፣ ሽማግሌ ልካችሁ የምታጋቡ እናንተ ነበራችሁ፤ ዛሬም የሽማግሌነቱ ሥራ አልቀረም፤ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው። ዛሬ ሽማግሌ የሚሆነው ለቢሮው ነው። ሰርጉ ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ ፎቶው ላይ ቁሙ። አንድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ የቤተሰብና የጎረቤት ደብዳቤ ይጠየቃል። ደላላ "በሦስት ወር አስጨርሳለሁ" ካለ ገንዘብ አትስጡ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በሦስት ወር የሚያልቅ ነገር የለም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያዙ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ። ቀጠሮ ከማለፉ በፊት የእድሳት ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ ይጻፍ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ግድግዳ አይጠፋም።

ሌላም አለ። ትዳር ሁልጊዜ አይሰምርም። መሀል መንገድ ላይ ቢለያዩ፣ ወይም ልጃችሁ በሞት ቢለይ፣ ሂደቱ ይቆማል። ግን ለመበለት፣ የጋራ ልጅ ላላት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ጉዳይዋ የሚታይበት መንገድ አለ። ስለዚህ "ከልጄ ብትጣላ ወደ አገሯ አስመልሳታለሁ" የሚል ዛቻ ከአፋችሁ አይውጣ። አንዲት ሴት በቪዛዋ እየተፈራች የምትኖርበት ቤት ቤት አይደለም። የልጅ ልጃችሁም እናቱ ስትፈራ እያየ ነው የሚያድገው።

በሚቀጥለው ጊዜ አፉላ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ካላችሁ፣ በአሎን ታቦር በኩል እለፉ። ፋብሪካው የሚያሳየው ብዙ ጌጥ የለውም፤ አጥር፣ የጭነት መኪና፣ የወተት ታንክ፣ የጋዝ ሽታ። ከበሩ ግን ልጆቻችን ደክመው፣ ጫማቸው ነጭ አቧራ ይዞ ይወጣሉ። አንዱ ከእነርሱ ውስጥ የዚህን ወር ትሉሽ በኪሱ ይዟል። የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት።